በደወሌ የገባ ጨዋታ

ስለ ንግድ ታሪካችን ሲወራ አሞሌና ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ጠመንጃ ይነሣሉ፤ ሲበዛም የሲንጀር ስፌት መኪና ይታከላል። የልጆች መጫወቻን የታሪክ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁንና «የከተማ ልጆቻችን ከሩቅ ዓለም ጋር የተዋወቁት በምን በኩል ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ሊያወራው ይችላል። ያ ሳጥን የት ተሠራ? በየትኛው በር ገባ? ቀረጡን ማን ከፈለ? ማንስ ሳይከፍል አለፈ? ለመሆኑስ ዛሬ ያ በር ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል? በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። («እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።)

በሩ ደወሌ ይባላል። ደወሌ በሶማሌ ክልል፣ ቀድሞ የሽንሌ ዞን ይባል በነበረው በዛሬው የሲቲ ዞን፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድሬዳዋ ደግሞ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አገሩ የኢሳ ሶማሌዎች ነው፤ ሙቀቱ የበረታ፣ መሬቱ ድንጋያማ፣ ሀብቱ ግመልና ፍየል። መንገደኛ «ይህች ምን አላት?» ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ያላት ነገር ቦታዋ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ባቡር በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ከአገር የሚወጣውም ጉምሩኳን ሳይሰናበት አይሄድም።

አጼ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚሁ ሐዲድ ነው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከውጭ የምታገኘው ብዙው ዕቃ፣ ከሲሚንቶ እስከ ሽቶ፣ በደወሌ እያለፈ መምጣት ጀመረ።

ታዲያ ጅቡቲ ላይ ዕቃው የሚረክሰው ለምንድነው? ነገሩ ወዲህ ነው። ፈረንሳዮች በ1941 ዓ.ም. ጅቡቲን ነጻ ወደብ አደረጓት፤ የራሷን ፍራንክ ሰጥተውም ከአሜሪካ ዶላር ጋር በማይነቃነቅ ተመን አሰሩት። ስለዚህ በጅቡቲ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ቴፕ ሪኮርደር ወይም ካሜራ፣ አዲስ አበባ ላይ ከባድ ቀረጥ ተጭኖበት ከሚሸጠው ወንድሙ ጋር በዋጋ አይተዋወቅም። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው የደወሌን ንግድ የፈጠረው። ይህን ክፍተት ከማንም በላይ ያወቁት በባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ የሚጓዙት ሴት ነጋዴዎች ነበሩ። ጨርቁን በወገባቸው ጠምጥመው፣ ሰዓቱን በሊጥ ዕቃ ውስጥ ደብቀው፣ ከፊናንሱ ጋር እየተሳሳቁም እየተጨቃጨቁም ያልፋሉ። ድሬዳዋ ሳይደርሱ፣ ሽንሌ አካባቢ ባቡሩ ሲያዘግም፣ ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፤ ከታች የሚቀበል ዘመድ አይጠፋም። እነዚህ ሴቶች ልጅ አሳድገዋል፣ ቤት ሠርተዋል፣ ከተማ አቁመዋል። መንግሥት ቀረጡን አጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚናገር የምሥራቁን አገር ታሪክ ግማሹን ነው የሚያወራው።

የሁለት መስከረሞች ወግ

አሁን ከደወሌ ትንሽ ራቅ እንበል፤ ሳጥኑ የተወለደበትን አገር ሳናይ መንገዱን ብቻ ማውራት አይቻልምና።

ቴሌቪዥንን ለጨዋታ ማዋል እንደሚቻል ያሰበው ከናዚ ጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው መሐንዲስ ራልፍ ቤር ነው። የእርሱ ሐሳብ «ማግናቮክስ ኦዲሲ» ተብሎ በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ የመሠረቱት አታሪ የተባለ ኩባንያ፣ «ፖንግ» የተባለውን፣ ሁለት ዱላና አንዲት ነጥብ ብቻ ያሉትን የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ አወጣ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1977 እ.ኤ.አ.፣ አታሪ ካሴት እየተቀያየረ የሚጫወቱበትን ሳጥን ለሽያጭ አበቃ። ትልቁ ነገር ያ ነበር። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጨዋታው ግን እየተጨመረ ይሄዳል። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ፕላትፎርም» የሚሉት፣ እኛም «መድረክ» ልንለው የምንችለው ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ያው መስከረም በእኛ አገር ምን ይመስል ነበር? የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን የያዘው በዚያው ወር፣ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የባቡሩ ድልድዮች እየፈረሱ ከጅቡቲ የሚመጣው መስመር ተቋርጦ ነበር። ጅቡቲ ራሷ ነጻ መንግሥት ከሆነች ገና ሦስት ወር አልሞላትም። ጅጅጋ የተመለሰችው በየካቲት 26 ቀን 1970፣ በካራማራው ድል ነው። እንግዲህ አታሪ ሳጥኑን ለአሜሪካ ልጆች ባቀረበበት ወር፣ በደወሌ በኩል የሚያልፍ ባቡር አልነበረም። ሁለቱ ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት አይደሉም፤ ግን ከየት ተነሥተን ዓለምን እንደምናሳድድ ያሳያሉና አብረው ቢታወሱ አይጎዳም።

የአታሪ ደስታ ዕድሜው አጭር ሆነ። ሳጥኑ መቆለፊያ ስላልነበረው ማንም ካሴት ሠርቶ ሊሸጥለት ይችላል። በ1979 እ.ኤ.አ. ከአታሪ የወጡ ሠራተኞች አክቲቪዥንን አቋቋሙ፤ እርሱን አይቶ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ እህል ሻጩም ጫማ ሻጩም ጨዋታ ሠሪ ልሁን አለ። ገበያው በማይረባ ካሴት ተጥለቀለቀ። በአምስት ሳምንት ያህል ጊዜ ተጣድፎ የተሠራው የ«ኢ.ቲ.» ጨዋታ የዚያ ዘመን መሳቂያ ሆኖ ቀርቷል። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ገበያ ወደቀ፤ አታሪም ያልተሸጡ ካሴቶቹን በጭነት መኪና አስጭኖ በኒው ሜክሲኮ በረሃ አላሞጎርዶ ላይ ቀበራቸው። «ተረት ነው» ሲባል ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካሴቶቹ ወጡ።

ውድቀቱን ያነሣው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ነው። ይህ ኩባንያ በኪዮቶ የመጫወቻ ካርታ አታሚ ሆኖ የተቋቋመው በ1889 እ.ኤ.አ.፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በተባሉበት ዓመት ነው። በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. «ፋሚኮም» የተባለ ሳጥን በጃፓን አወጣ። በ1985 ወደ አሜሪካ ሲልከው ግን ከአታሪ ጥፋት ተምሮ ውስጡ መቆለፊያ አደረገበት፦ ኒንቴንዶ ያልፈቀደው ካሴት ቢሰካ ሳጥኑ አይሠራም። ጨዋታ ሠሪው በዓመት ከአምስት በላይ እንዳያወጣ ተወሰነበት፤ ካሴቱንም የሚያመርተው ራሱ ኒንቴንዶ ሆነ፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ይከፈላል። በአጭሩ ኒንቴንዶ ጉምሩክ አቋቋመ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ የኬላ ታሪክ ነው ብል አላጋነንሁም። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው በር ላይ ቆሞ ቀረጥ በመቀበል ሆነ።

ታይዋን

ኒንቴንዶ ግን አንድ ቀዳዳ ተወ። በጃፓን የሸጠው የመጀመሪያው ፋሚኮም መቆለፊያ አልነበረውም። የታይዋን ፋብሪካዎች ይህን ቀዳዳ አዩ፤ ሳጥኑን አስመስለው ሠሩት። ከእነዚህ አንዱ «ማይክሮ ጂኒየስ» ይባል ነበር፤ ሩሲያ ሲደርስ «ዴንዲ» ተባለ፤ ሌላ አገር ሌላ ስም ተሰጠው። ቻይናም ተከተለች። ኒንቴንዶ ራሱ ባልደረሰበት አገር ሁሉ፣ ከሞስኮ እስከ ካራቺ፣ ከካይሮ እስከ ድሬዳዋ፣ የልጅ ሁሉ «ኒንቴንዶ» ይህ አስመሳዩ ሆነ።

የእኛ ገበያ ይህን የሚመሰክር ስም ይዟል። በድሬዳዋም በጅጅጋም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር «ታይዋን» ይባላል። ስያሜው ከዕቃው ጋር የመጣ ነው። ሸማቹ ዕቃው የተሠራበትን ቦታ ከጀርባው አንብቦ ገበያውን በዚያ ጠራው። ጂኦግራፊን በመጽሐፍ ሳይሆን በባትሪ ድንጋይና በራዲዮ ካርቶን የተማረ ሕዝብ ለገበያው የሚያወጣው ስም ይህን ይመስላል።

የጅጅጋው መንገድ ከደወሌው ለየት ይላል። በ1980 ዓ.ም. የሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ሐርትሼክ ሰፈረ። በጠፍ ሜዳ ላይ የተተከለው የስደተኛ ጣቢያ ብዙ ሳይቆይ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ትልቅ ገበያ ሆነ፤ ከበርበራ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመጣው ጨርቅ፣ ቴሌቪዥንና ቴፕ እዚያ ይራገፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዕቃ ለመሸመት ሐርትሼክ የሚወርድ ሰው ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው ወደ አገራችን በሁለት ቀዳዳ ገባ፦ በባቡሩ መስመር በደወሌ፣ በመኪናው መንገድ ደግሞ በጅጅጋ።

እኔ ያንን ሳጥን መጀመሪያ ያየሁት ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ባለቤትየው ነጋዴ ነበሩ፤ ቴሌቪዥኑን ከሳሎን ወደ በረንዳ አውጥተው ለሰፈር ልጅ በስሙኒ ያጫውታሉ። ካሴቱ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ተጽፏል። ዝርዝሩን ሲያወርዱት ግን ያሉት ጨዋታዎች ከአሥራ ጥቂት አይበልጡም፤ የቀረው ያው ጨዋታ ሌላ ስም እየተሰጠው የሚደጋገም ነው። ማሪዮ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይመጣል። ግን ማን ቅር አለው? በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማያነብ ልጅ «ስታርት»ን፣ «ሴሌክት»ን፣ «ጌም ኦቨር»ን ለይቶ ያውቃል። የጃፓን ሰው የፈጠረውን፣ በጣሊያናዊ ቧንቧ ሠሪ የተመሰለውን፣ የታይዋን ሰው የቀዳውን፣ የጅቡቲ ነጋዴ የሸጠውን፣ የድሬዳዋ እናት ያሻገረችውን ጨዋታ በሐበሻ ቴሌቪዥን ይጫወታል። የዓለም ንግድ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ትምህርት እኔ አልገጠመኝም።

የተሸነፈ ይከፍላል

ቀጥሎ የመጣው ፕሌይስቴሽን ነው። ሶኒ በመጀመሪያ ከኒንቴንዶ ጋር አብሮ ሊሠራ ተስማምቶ ነበር፤ ኒንቴንዶ በ1991 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ፊቱን አዙሮበት ወደ ፊሊፕስ ሄደ። ሶኒም በቁጭት የራሱን ሳጥን ሠርቶ በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ. አወጣ። ካሴቱን ትቶ ዲስክ ያዘ። ዲስክ ማተም ከካሴት በጣም ይረክሳል፤ ስለዚህ ጨዋታ ሠሪው ሁሉ ወደ ሶኒ ጎረፈ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 እስከ ዛሬ በብዛት የተሸጠው የቤት መጫወቻ ሳጥን ነው፤ ሶኒ እንደሚለው ቁጥሩ 160 ሚሊዮን ደርሷል።

ዲስክ የሚረክሰው ለፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ ለሚቀዳውም ጭምር ነው። ሶኒ ሳጥኑ የተቀዳ ዲስክ እንዳያነብ መቆለፊያ አድርጎ ነበር። ይሁንና ትንሽ ቺፕ በብየዳ ሲጨመርበት መቆለፊያው ይታለላል። የቴፕና የራዲዮ ጥገና ይሠሩ የነበሩ የከተማ ባለሙያዎቻችን ይህን በፍጥነት ተማሩ። ከዚያ በኋላ ከመርካቶ እስከ ጅጅጋ «ፕሌይስቴሽን ቤት» በየቀበሌው በቀለ፤ ከጆተኒውና ከከረንቡላው ጎን ቦታውን ያዘ። ሁለት ልጆች ኳስ ይገጥማሉ፤ የኮናሚው «ዊኒንግ ኢለቨን» ወይም የኤሌክትሮኒክ አርትስ «ፊፋ» ይከፈታል፤ ሕጉ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል።

ስለነዚህ ቤቶች ክፉ ተብሏል፤ የተባለውም ሁሉ ሐሰት አይደለም። ተማሪ ከክፍል ቀርቶባቸዋል፤ የእናቱን ሳንቲም ይዞ የገባ ልጅ ባዶ እጁን ወጥቷል። በትምህርት ቤት አካባቢ ያሉት ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር እየተቆጠሩ በየጊዜው ታሽገዋል። ነገር ግን አንድ ነገር መመስከር ይገባኛል። የአንድ ሳጥን ዋጋ ከብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዝ በላይ በሆነበት አገር፣ አንድ ሳጥን ለአንድ ሰፈር ልጅ ሁሉ እንዲበቃ ያደረገው ይህ ቤት ነው። የጃፓንና የአሜሪካ ኩባንያዎች ሳጥኑን ለአንድ ቤተሰብ ሳሎን ብለው ሠሩት፤ እኛ ደግሞ እንደ እድር ድንኳን የጋራ አደረግነው። ኢትዮጵያ በእነዚያ ኩባንያዎች የገበያ ካርታ ላይ አልነበረችም፤ ልጆቿ ግን በጨዋታው ውስጥ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ነገር ያስቻለው፣ ጨዋታው በእጅ የሚያዝ ዕቃ መሆኑ ነው። በእጅ የሚያዝ ዕቃ በከረጢት ይያዛል፤ በከረጢት የተያዘ ደግሞ ደወሌን ያልፋል።

ኬላው ከምድር ሲነሣ

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ጨዋታው ዕቃነቱን እየተወ መጣ። ማይክሮሶፍት በ2002 የኢንተርኔት አገልግሎቱን ከፈተ፤ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2003 «ስቲም» የተባለውን ሱቅ አቆመ፤ አፕል በ2008 የስልኩን መደብር ጀመረ። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ወንድም ይዞ መጣ። ዲስክ የሌለው ሳጥን የሚበላው ከኩባንያው ሱቅ የሚወርደውን ብቻ ነው። ያ ሱቅ ደግሞ ስም፣ አድራሻ፣ አገርና የባንክ ካርድ ይጠይቃል። ድሮ በር ላይ የሚቆመው ፊናንስ ሰው ነበር፤ ይለመናል፣ ይሳቅበታል፣ ይዘነጋል። የአሁኑ በረኛ ግን አገርህን ከዝርዝር ውስጥ ካላገኘ የሚለመን ፊት የለውም።

ይህ በግምት የተወራ አይደለም። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጨዋታ በኮምፒውተር ለሚጫወቱ ሰዎች «የእኔን የኢንተርኔት አባልነት ካላወጣችሁ አትጫወቱም» አለ። የዚያ አባልነት አገልግሎት ግን በይፋ የሚሰጠው ከዓለም አገሮች በጥቂቶቹ ብቻ ነበር። ጨዋታው ከ170 በላይ በሚሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሱቅ ወረደ፤ ኢትዮጵያም አገልግሎቱ ከማይደርስባቸው አንዷ ነበረች። የተጫዋቾች ቁጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሶኒን ወደ ኋላ አስመለሰው። ይሁን እንጂ ካርታው ለአንድ ሳምንት ያህል በግልጽ ታየ፤ አፍሪካ ከደቡብ አፍሪካ በቀር ባዶ ነበረች።

ልጆቻችንማ ዘዴ አያጡም። «አገርህ የት ነው?» ሲባሉ ዱባይ ወይም አሜሪካ ብለው ይሞላሉ፤ ካርዱን ከውጭ ዘመድ ይለምናሉ። ይህ የዘመኑ ደወሌ ነው። በቅርቡ ድሬዳዋ ላይ አንድ የጨዋታ ቤት ያለው ወጣት ስለዚሁ ሲያጫውተኝ (ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ይታወቃል) «አንተ፣ የድሮው ካሴት እኮ ውሃ ቢነካው እንኳ እፍ ብለህ ትጫወትበታለህ፤ ይሄኛውን ግን ገዛሁ ትላለህ እንጂ አልገዛኸውም» አለኝ። የተናገረው ከሕጉ ጋር አንድ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ጨዋታ ፈቃድ ብቻ እንጂ ንብረት እንደማይሰጥ ሳይገለጽ «ግዛ» የሚለውን ቃል መጠቀም ከልክሏል። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጨዋታ አገልጋይ ዘጋ፤ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውም ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ኒንቴንዶም በ2023 የሁለት አሮጌ ሳጥኖቹን ሱቅ ዘግቷል።

ልዩነቱን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በደወሌ አልፎ የገባን ካሴት ማንም ከጃፓን መጥቶ አይነጥቀውም። በሐሰት አድራሻ የገባን ጨዋታ ግን ከሩቅ ሆነው በአንድ ጣት ያጠፉታል። የድሮው ቀዳዳ ድሀውን ባለንብረት አድርጎት ነበር፤ የዛሬው እንግዳ ብቻ ያደርገዋል።

ከእኛ የሚወጣውስ?

እስካሁን ያወራነው ስለሚገባው ነው። በር ግን ለመውጫም ነው። የገበያ አጥኚዎች የዓለምን የጨዋታ ገበያ በዓመት ከ180 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገምቱታል፤ ግማሽ ያህሉ ከስልክ ጨዋታ የሚመጣ ነው። እርግጥ ኢንዱስትሪው ራሱ ጤናማ አይደለም። ማይክሮሶፍት ያንን ከአታሪ የወጡ ሰዎች ያቋቋሙትን አክቲቪዥንን ከእነ ብሊዛርድ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ገዛ፤ አራት ወር ሳይሞላ 1,900 ሠራተኞችን አሰናበተ። የአንድ ትልቅ ጨዋታ መሥሪያ ወጪ መቶ ሚሊዮኖች ዶላር ደርሷል። እንዲህ ሲሆን ትንንሽ ሠሪዎች በስልክ በኩል ቦታ የሚያገኙበት ዕድል አለ።

ያን ዕድል የሞከሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ፣ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይኸው ድርጅት ከኬንያ፣ ከጋና፣ ከሴኔጋል፣ ከካሜሩንና ከሌሎችም አገሮች ጨዋታ ሠሪዎች ጋር ሆኖ የአፍሪካ የጨዋታ ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኗል። ጨዋታ ሠሪዎቻችንን የሚያንሳቸው ችሎታ አይደለም። የእኛ ብር ከድንበር ሲያልፍ ዋጋ የለውም፤ የስልኩ መደብር ደግሞ ከሽያጩ እስከ 30 ከመቶ ይወስዳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገር ውስጥ ትንሽ ሂሳብ በስልክ መክፈል ቀለለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የአገር ውስጥ ኪስና የውጭው ሱቅ በአንድ መስኮት እስካልተገናኙ ድረስ የእኛ ልጅ ደንበኛም ነጋዴም ሊሆን ይቸገራል።

በነገራችን ላይ፣ ይህ አካባቢ በጨዋታ ድሀ ሆኖ አያውቅም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረው ጽፈዋል፤ ብዛቱ ያስደንቃል። በደወሌና በአይሻ አካባቢ ያሉ ሶማሌዎች ደግሞ «ሻሕ» የሚባል ጨዋታ አላቸው። በመሬት ላይ ሦስት አራት ማዕዘን አንዱ በሌላው ውስጥ ይሰመራል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ ከባላጋራው አንድ ይበላል። ሽማግሌ በግራር ጥላ ሥር ግማሽ ቀን ይከራከርበታል። ይህ መድረክ ቀረጥ የለውም፤ ባለቤትም የለውም፤ አገልጋዩ ተዘጋ ብሎ የሚያለቅስበትም የለም። እኔ ወደ ጠጠር እንመለስ እያልሁ አይደለም። ነገር ግን አንድ የጅጅጋ ወጣት ሻሕን ለዓለም ስልክ ቢያዘጋጅ፣ በሶማልኛም በአማርኛም ቢጽፈው፣ ሽያጩንም በአገሩ ባንክ ቢቀበል፣ የደወሌ በር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ወደ ውጭ ላከ ማለት ነው።

ደወሌ ዛሬም በር ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ከድሬዳዋ የሚመጣው የክፍያ አስፋልትም እዚያው ይደርሳል። ኮንቴይነሩ ታሽጎ ያልፋል እንጂ በመስኮት የሚወረወር ጥቅል የለም። ሕጋዊው ንግድ መስፋቱ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። የባለሥልጣኖቻችን ሐሳብ ግን በኮንቴይነሩ ላይ ብቻ እንዳያርፍ እሰጋለሁ። ሸቀጥ በሐዲድ ይመጣል፤ ጨዋታ፣ መጽሐፍ፣ ሙዚቃና ፊልም ግን ሐዲድ ከለቀቁ ቆይተዋል። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ኬላ የክፍያ ስምምነት፣ የባለመብት ሕግና ከኩባንያዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚደራደር ሰው ነው። ስለ ስንዴና ስለ ነዳጅ የሚደራደር መንግሥት ስለ ልጆቹ ጨዋታ ቢደራደር የሚያሳፍረው ነገር የለም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በድሬዳዋ ለገሃር የአሮጌው ባቡር ማደሻ ቤት ከነማሽኖቹ ቆሟል፤ ጎብኚም ይገባዋል። ከባቡር ትኬቱና ከፋኖሱ ጎን፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ አንድ የታይዋን ሳጥንና አንድ «9999999 በ1» ካሴት ቢቀመጥ ምን ይላችኋል? በየጓዳው አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አይጠፋም። ከሥሩም ያሻገረችው እናት ስም ይጻፍ፤ ፋብሪካውን የሚያስታውስ ሌላ ሰው ሞልቷል።